ጠረጴዛው ይጸዳ፣ ፖስታው አይነካ፦ ጊት ላይ የተበላሸን ፋይል መመለስ

ቅዳሜ ማታ ነበር። ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ሲመሽ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጋቢ ደርቤ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ከጠዋት ጀምሮ የሠራሁት በሙሉ ጠፋ!»

ደዋይዋ ፕሮግራሚንግ ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ናት። ብርድ ልብስና የመንዝ ባና ለሚሸጡ አንዲት ነጋዴ የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሠራችላቸው ነው። ጠዋት የቅናሽ ስሌቱን አስተካከለች፤ ሞከረችው፣ ሠራ። የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት በሚባል ፕሮግራም ጊት አድ ብላ ስቴጅ አደረገችው፤ ማለትም ለመመዝገብ አዘጋጀችው። ኮሚት ግን አላደረገችም፣ ማለትም ታሪኩ ውስጥ አላስመዘገበችውም፣ «ማታ አንድ ላይ አደርገዋለሁ» ብላ ነው። ከሰዓት በኋላ እዚያው ፋይል ላይ ደረሰኙ አምሮ እንዲታተም ሌላ ነገር ጀመረች። አልሆነላትም። ኮዱ ተዘባረቀ። «የከሰዓቱን ጥዬ ወደ ጠዋቱ ልመለስ» አለችና ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውን ትእዛዝ ጻፈች፦ ጊት ሪሴት --ሃርድ። የከሰዓቱ ሄደ። የጠዋቱም አብሮት ሄደ።

«አይዞሽ። ፎልደሩን እንዳለ ተዪው፣ ምንም አትንኪ። ነገ አብረን እናየዋለን» አልኳት።

የፈለገችው ነገር ፍጹም ትክክል ነበር። የተበላሸውን መጣል፣ ስቴጅ ያደረጉትን ማቆየት። ጊት ይህን በአንድ አጭር ትእዛዝ ይሠራዋል። ችግሩ «መመለስ» የሚመስሉ ትእዛዞች ብዙ መሆናቸው ነው። ስማቸው ይቀራረባል፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። እኔም በጀማሪነቴ በተመሳሳይ ስህተት የሁለት ቀን ሥራ አጥቻለሁ፤ ስለዚህ ስሜቱን አውቀዋለሁ። ነገሩን ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ትእዛዞቹን እዚህ በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው። ሰረዞቹና ነጥቦቹ እንዳሉ ናቸው።

ሦስት ቦታ አለ

ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን አስቡ። ጠረጴዛው ላይ ረቂቅ አለ፤ ይሰረዛል፣ ይደለዛል፣ ይጨመርበታል። ረቂቁ ደህና ደረጃ ላይ ሲደርስ ኮፒ ተደርጎ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው ገና አልታሸገም። መጨረሻ ላይ ይታሸግና መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል።

ጊትም እነዚህ ሦስቱ አሉት። ጠረጴዛው የሥራ ፎልደራችሁ ነው፤ በኤዲተር የምታዩት፣ የምትነካኩት ፋይል። ፖስታው ስቴጂንግ የሚባለው ነው። መዝገብ ቤቱ የኮሚቶቹ ታሪክ ነው፤ የመጨረሻው ኮሚት ሄድ ይባላል። ፖስታው ሌሎች ስሞችም አሉት። ኢንዴክስ ይባላል፣ አንዳንድ ትእዛዝ ላይ ደግሞ በድሮ ስሙ ካሽድ ተብሎ ታገኙታላችሁ። ሁሉም ያው አንዱ ፖስታ ነው። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ይደናገራል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ጊት አድ ስትሉ ፋይሉ ከጠረጴዛው ተነሥቶ አይሄድም። ኮፒው ነው ፖስታ ውስጥ የሚገባው። በዚያች ደቂቃ ፋይሉ ምን እንደሚመስል ሙሉ በሙሉ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብትቀይሩት ፖስታው ውስጥ ያለው አይቀየርም። ስለዚህ አንድ ፋይል በአንድ ጊዜ በሦስት መልክ ሊኖር ይችላል፦ የተበላሸው ጠረጴዛ ላይ፣ ደህናው ፖስታ ውስጥ፣ የድሮው መዝገብ ቤት። የልጅቷ ፋይል ቅዳሜ ከሰዓት ልክ እንደዚህ ነበር።

ታዲያ መመለስ ማለት ምንድን ነው? ከአንዱ ቦታ ኮፒ አንሥቶ በሌላው ቦታ ላይ መገልበጥ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። እያንዳንዱን ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከየት ወደ የት ነው የሚገለብጠው?

መጀመሪያ ማየት

ከመሰረዝ በፊት የት እንዳላችሁ እዩ። ጊት ስታተስ -ኤስ በሉ። በየፋይሉ ስም ፊት ሁለት የፊደል ቦታ ይመጣል። የግራው ፖስታውና መዝገብ ቤቱ ይለያዩ እንደሆነ ይነግራችኋል። የቀኙ ጠረጴዛውና ፖስታው ይለያዩ እንደሆነ። በሁለቱም ቦታ «ኤም» (ተቀይሯል ማለት ነው) ካያችሁ ፋይሉ ሦስት መልክ አለው ማለት ነው። ያኔ ነው ጠንቀቅ ማለት ያለባችሁ።

ይዘቱን ለማየት ደግሞ ሁለት ትእዛዝ አለ። ጊት ዲፍ ብቻውን ጠረጴዛው ከፖስታው የሚለይበትን ያሳያል። ልትጥሉት ያሰባችሁት ይኸው ነው። ጊት ዲፍ --ስቴጅድ ደግሞ ፖስታው ከመዝገብ ቤቱ የሚለይበትን ያሳያል። ልታተርፉት የምትፈልጉት እሱ ነው። ሁለቱንም ሳላይ ምንም አልሰርዝም። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በነገራችን ላይ የፋይል ስም በአማርኛ የምትጽፉ ካላችሁ ጊት ስሙን በቁጥር ድርድር ሊያሳያችሁ ይችላል። «ሀ» የምትለዋ አንድ ፊደል \341\210\200 ሆና ትመጣለች። አልተበላሸም። ጊት ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን ስም ሳይነገረው እንዲህ ነው የሚያሳየው። ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮትፓዝ ኦፍ ካላችሁት ስሙ በፊደላችን ይወጣል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ስንቱን ጀማሪ እንዳስደነገጠ ስለማውቅ ነው የምነግራችሁ።

ትክክለኛው ትእዛዝ

ልጅቷ ቅዳሜ መጻፍ የነበረባት ይህን ነበር፦

ጊት ሪስቶር፣ ቀጥሎ የፋይሉ ስም።

በቃ። ሪስቶር ሌላ ነገር ካልነገራችሁት ከፖስታው ወደ ጠረጴዛው ይገለብጣል። ጠረጴዛው ላይ የተበላሸው ይጠፋል፣ ፖስታው ውስጥ ያለው ደህና ኮፒ ይተካዋል። ፖስታው ራሱ አይነካም። ፋይሉ ከመጨረሻው ኮሚት ወዲህ ስቴጅ ካልተደረገስ? ያኔ ፖስታው ውስጥ ያለው ከመጨረሻው ኮሚት ጋር አንድ ነው፤ ወደዚያው ይመለሳል። በፋይሉ ስም ፈንታ ነጥብ ብትጽፉ ያላችሁበት ፎልደር ውስጥ ያለው በሙሉ ይመለሳል። ነጥቧን ስትጠቀሙ ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። የሌላ ፋይል ያልተቀመጠ ሥራም አብሮ ይሄዳል።

ሪስቶር የመጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በነሐሴ 2019 ከጊት 2.23 ጋር ነው። ጊት ራሱ ግን ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሰው ሁሉ ለዚህ ሥራ ቼክአውት የሚባለውን ትእዛዝ ነበር የሚጠቀመው። ቼክአውት ቅርንጫፍም (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ይቀይራል፣ ፋይልም ይመልሳል። ለሁለቱም አንድ ስም መሆኑ ስላደናገረ ነው ሥራው ለሪስቶርና ለስዊች የተከፈለው። የቆዩ ማብራሪያዎች ግን አሁንም በቼክአውት የተሞሉ ናቸው፣ ስለዚህ እሱን ማወቅ ይጠቅማል።

ጊት ቼክአውት -- ካላችሁና የፋይሉን ስም ካስከተላችሁ ከፖስታው ወደ ጠረጴዛው ይገለብጣል። ከሪስቶር ጋር አንድ ነው፣ ሰላም ነው። ጊት ቼክአውት ሄድ -- ካላችሁ ግን ከመዝገብ ቤቱ ይነሣና ፖስታውም ጠረጴዛውም ላይ ይገለብጥባችኋል። «ሄድ» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት ልዩነቱ። ስቴጅ ያደረጋችሁት ሥራ በእሷ ምክንያት ይሄዳል፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። እኔ የሁለት ቀን ሥራዬን ያጣሁት በዚህች ቃል ነው። አሁን ለልጆቹ ሪስቶርን ብቻ ነው የማስተምረው። ምክንያቱም ሪስቶር መነሻውንና መድረሻውን በግልጽ እንድትናገሩ ያደርጋችኋል።

ሪሴት --ሃርድ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። በፋይል ሳይሆን በጅምላ ነው የሚሠራው። የመዝገብ ቤቱን ይዞ ፖስታውንና ጠረጴዛውን በአንዴ ይገለብጣል። አዲስ ፋይል ፈጥራችሁ፣ ጊት አድ ብላችሁ፣ ገና ኮሚት ካላደረጋችሁ ደግሞ ፋይሉን ከነጭራሹ ያጠፋዋል፤ መዝገብ ቤት ውስጥ የለማ! ኢንተርኔት ላይ ይህን ትእዛዝ እንደ መድኃኒት የሚያዙ ሰዎች «ስቴጅ ያደረግከው ነገር አለ?» ብለው ሳይጠይቁ ማዘዛቸው ያናድደኛል።

ሪቨርት የሚባል ትእዛዝም አለ። ስሙ «መመለስ» ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ እሱን ይሞክራል። የእኛ ጉዳይ አይደለም። ሪቨርት አንድ ያለቀ ኮሚትን የሚሽር ሌላ አዲስ ኮሚት ነው የሚጽፈው።

ፖስታውን ባዶ የሚያደርግ ወጥመድ

አንድ ስውር ነገር አለ፤ ልምድ ያላቸውም ይስቱታል። ጊት ሪስቶር --ስቴጅድ የሚለው «ስቴጅ ያደረግኩትን አውጣልኝ» ማለት ነው። ከመዝገብ ቤቱ ወደ ፖስታው ይገለብጣል፣ ጠረጴዛውን አይነካም። ጠረጴዛውን ስለማይነካ ሰው ሁሉ «ምንም አይጠፋም» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ጠረጴዛውና ፖስታው አንድ ዓይነት ከሆኑ ምንም አይጠፋም።

የተለያዩ ከሆኑ ግን ይጠፋል። የጠዋቱ ደህና ሥራ የሚገኘው ፖስታው ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ፖስታውን ባዶ ስታደርጉት ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው የተበላሸው ነው። ስለዚህ ሁለት «ኤም» ባያችሁበት ፋይል ላይ --ስቴጅድን ከመጻፋችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። ይህ ትእዛዝ ከሪስቶር የሚለየው በአንድ ቃል ብቻ ነው፣ የሚገለብጥበት ቦታ ግን ሌላ ነው።

ከከሰዓቱ ሥራ ደህናም ካለው

አንዳንዴ የከሰዓቱ ሥራ በሙሉ መጥፎ አይደለም። ሦስት ቦታ ነክታችሁ ሁለቱ ተበላሽተው አንዱ ጥሩ ሆኖ ይሆናል። ያኔ ጊት ሪስቶር -ፒ በሉ። ጊት ለውጡን በቁራጭ በቁራጭ እያሳየ «ይህን ልጣለው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። «ዋይ» አዎ ነው፣ «ኤን» አይ ነው። ቁራጩ ከተለቀባችሁ «ኤስ» ስትሉ የሚከፈል ከሆነ ይከፍለዋል። «ኪው» ስትሉ ያቆማል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የምትጥሉትን ዓይናችሁ እያየ ነው የምትጥሉት። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው።

ልጣለው ወይስ ላቆየው ብላችሁ ካመነታችሁ ደግሞ መጀመሪያ ቅጂ አስቀሩ። ቀላሉ መንገድ የጊት ዲፍን ውጤት ፋይል ላይ መጻፍ ነው፦ ጊት ዲፍ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ የምታመለክተው ቀስት፣ ቀጥሎ የፈለጋችሁት ስም። ለምሳሌ «ደረሰኝ.ፓች»። ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጭ አስቀምጡት። ከዚያ በሰላም ሪስቶር አድርጉ። ነገ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ጊት አፕላይ ብላችሁ ስሙን ስትሰጡት የከሰዓቱ ሥራ ይመለሳል። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ይህን ከጊት ጋር በሚመጣው ተርሚናል፣ በጊት ባሽ አድርጉት። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ፓወርሼል በቀስቷ ሲጽፍ የጽሑፉን ኢንኮዲንግ ስለሚቀይረው ጊት በኋላ አይቀበለውም።

ስታሽም አለ። ጊት ስታሽ --ኪፕ-ኢንዴክስ ብትሉ ጠረጴዛው ይጸዳል፣ ስቴጅ ያደረጋችሁት ባለበት ይቆያል፣ የተነሣው ሥራ ደግሞ ጎን ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ጠዋት የተሠራው ብቻውን ይሠራ እንደሆነ ለመፈተን ግሩም ነው። ግን የሚያስቀምጠው የከሰዓቱን ብቻ አይደለም። ስቴጅ የተደረገውንም ጨምሮ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በኋላ የተቀመጠውን ለመመለስ ጊት ስታሽ ፖፕ ስትሉ ጠዋትም ከሰዓትም የነካችሁት አንድ መስመር ካለ ግጭት ሊያመጣ ይችላል። ጊት አድ ያላላችሁትን አዲስ ፋይል ደግሞ አይዝም፣ -ዩ ካልጨመራችሁለት በቀር።

ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኤዲተር ለምትጠቀሙ፦ «ቼንጅስ» ከሚለው ዝርዝር ላይ ወደ ኋላ የታጠፈችውን ቀስት ስትጫኑ የሚሆነው ከፖስታው ወደ ጠረጴዛው መገልበጥ ነው። ስቴጅ ያደረጋችሁት አይነካም። ደግሞ ከ2022 ወዲህ ባሉት ቅጂዎቹ ታይምላይን የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ ፋይሉን ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር የነበረው መልክ ይቀመጣል። ይህ ከጊት ውጭ ያለ መጠባበቂያ ነው። ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም።

የልጅቷ ፋይል

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተገናኘን። ላፕቶፑን እንዳልኳት ሳትነካው ይዛው መጥታ ነበር።

ተስፋ ያደረግኩት ከላይ በነገርኳችሁ ነገር ነው። ጊት አድ ኮፒ ነው የሚያደርገው። ኮፒው ደግሞ ኮሚት እስኪደረግ አይጠብቅም። አድ ባላችሁበት ቅጽበት የፋይሉ ይዘት .ጊት የሚባለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ ይጻፋል። ብሎብ ይባላል። ሪሴት --ሃርድ ፖስታው ላይ የነበረውን ምልክት ነው የሚያነሣው። ብሎቡን አያጠፋውም። ባለቤት አጥቶ እዚያው ይቀራል። ጊት እንዲህ ያሉትን በጽዳት ጊዜ ያስወግዳቸዋል፣ ግን ካልቀየራችሁት በቀር ሁለት ሳምንት ያልሞላቸውን አይነካም። እኛ ገና አንድ ሌሊት ነው ያሳለፍነው።

ባለቤት ያጡትን ፈልጎ የሚያወጣውን ትእዛዝ፣ ጊት ኤፍኤስሲኬ --ሎስት-ፋውንድ አልን። «ዳንግሊንግ ብሎብ» እያለ አራት መስመር አወጣ፣ እያንዳንዱ ረጅም መለያ አለው። አራቱንም .ጊት ውስጥ ሎስት-ፋውንድ፣ እሱ ውስጥ አዘር በሚባል ፎልደር አስቀመጠልን። የፋይል ስማቸው የለም፤ ብሎብ ይዘት እንጂ ስም አይዝም። ስለዚህ በይዘት መፈለግ ነበረብን።

«ጠዋት የጻፍሽው ውስጥ ሌላ ቦታ የሌለ ቃል ምን አለ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «‹ቅናሽ› ብዬ በአማርኛ የጻፍኩት አስተያየት አለ» አለች።

ግሬፕ በሚባለው ቃል መፈለጊያ ትእዛዝ «ቅናሽ» ብለን ፈለግን። ሁለት ተገኙ። ጠዋት ሁለት ጊዜ ነበር አድ ያደረገችው፣ ሁለቱም ተቀምጠዋል። ከፍተን አየናቸው። በአንደኛው ቅናሹ ለሁሉም ገዢ እኩል ነው። በሁለተኛው ከ10 ብርድ ልብስ በላይ ለሚወስድ ብቻ የሚል ሁኔታ አለ። «እሱ ነው! እሱ ነው የመጨረሻው!» አለች፣ ወንበሯ ላይ አላስቀመጣትም። ይዘቱን ወደ ሽያጭ ፋይሉ ገለበጥነው። ፕሮግራሙን አስነሣችው። ለ12 ብርድ ልብስ ቅናሹን በትክክል አሰላ። አድ አለች፣ ወዲያውም ኮሚት።

የደረሰኙን ሙከራ ብሎቦቹ ውስጥ አልፈለግነውም። አንድም ጊዜ አድ ተደርጎ ስለማያውቅ ጊት ዘንድ ኮፒ አልነበረውም። ከባዶ ጀመረችው።